ለእህቴ፣ ስለ አርባኛው ገጽ

የኔ ሚጡ፣

 

የኮሚክሽን ረቂቅ፣ 72ቱንም ገጽ፣ አንብቤ ጨርሻለሁ። ሌላው ሁሉ ይቆየንና አንድ ነገር ልንገርሽ፦ የያዝሽው ታሪክ ትልቅ ታሪክ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለ አያቷ «አካኮ ትንሽ አሞታል፣ ሊያይሽ ፈልጓል» ተብላ ከአጎቷ ጋር ከአዳማ ወደ ባቱ ትሳፈራለች። አጎቷ ያውቃል። ጎረቤቱ ያውቃል። አንባቢውም ከሞጆ በኋላ ጠርጥሮ መቂ ሲደርስ ያውቃል። እሷ ብቻ አታውቅም። ይህን ያሰብሽው አንቺ መሆንሽን ሳስበው ደረቴ ይሞላል።

የምጽፍልሽ ስለ ሥዕሉ አይደለም፤ እጅሽ ከእኔ ምክር አልፎ ሄዷል። የምጽፍልሽ ስለ ጊዜ ነው። ምን ያህል ገጽ ለየትኛው ሰዓት እንደሰጠሽ፣ የቱን ዘለሽ የቱ ላይ እንደቆየሽ። ልጅቷ ሻንጣ የምታዘጋጅበት 9 ገጽ፣ መናኸሪያው 6 ገጽ፣ የዝቋላው ታሪክ 3 ገጽ ወስዷል። ባቱ ደርሳ የለቅሶውን ድንኳን የምታይበት ቅጽበት ግን ገጽ 68 ግርጌ ላይ፣ ግማሽ ገጽ ብቻ ነው ያገኘው። ታሪኩ ሁሉ የተጓዘው ወደዚያች ቅጽበት ነው፤ ስንደርስባት ግን ቦታ አልቋል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቢ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሩቅ ላለ ዘመድ በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ «አመም አድርጎታል» ይባላል፤ ቀጥሎ «ጠንከር ብሎበታል»። ከዚያ ወዳጅ ዘመድ ይመካከራል፦ ማን ይንገር፣ ማን ከጎኗ ይቁም፣ ማን በር ላይ ይሁን። ብዙውን ጊዜ በማለዳ ነው፣ ቀኑ ገና ሳይጀምር። የሚያውቀው ሰው ሁሉ ፊቱን ይጠብቃል፣ ቃሉን ይመጥናል። የሚነገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጥበቡ ያለው ከዚያ በፊት ባለው ዝምታ ርዝመት ላይ ነው። መርዶ ነጋሪዎች ምን እንደሚሸሽጉ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚሸሽጉ፣ መቼ እንደሚለቁት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አንቺም ያደግሽው እነሱን እያየሽ ነው። የኮሚክሽን ፍጥነት ከእነሱ ተማሪ፤ ከእነሱ የተሻለ መምህር አላውቅልሽም።

አሁን ወደ ኅትመቱ ልምጣ። አንድ ትልቅ ወረቀት ሁለቱም ገጹ ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። የመጽሐፍ ዋጋ የሚሠራው በዚህ ነው። 72 ገጽ ማለት አራት ሙሉና አንድ ግማሽ ወረቀት ነው፤ 48 ገጽ ማለት ልክ ሦስት። ወደ 48 ብታወርጂው በእያንዳንዱ ቅጂ ከወረቀቱ ሲሶው ይተርፍልሻል፤ አዳማ ውስጥ ተማሪ ሊገዛው የሚችል መጽሐፍም ይሆናል። ግን ለገንዘቡ ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ። በዓለም ላይ ያሉ የኮሚክ ልማዶች ፍጥነታቸውን ያገኙት ከወረቀታቸው ነው። ቤልጅጋዊው ኤርዤ የቲንቲንን መጻሕፍት የሚሠራው በቀለም በሚታተም 62 ገጽ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ጢም ብሎ የሞላ ነው፣ የሚባክን ፍሬም የለም። ጃፓኖች ደግሞ በርካሽ ወረቀት፣ በጥቁርና ነጭ፣ እንደ ጡብ በወፈሩ ሳምንታዊ መጽሔቶች ነው የሚያሳትሙት፤ ገጽ ስለማያንሳቸው ዝናብ የሚንጠባጠብበትን ጣሪያ ብቻ በሦስት ገጽ ሊያሳዩሽ ይችላሉ። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። አንቺ ግን 48 ገጽ ብቻ እንዳለሽ አድርገሽ ስትጀምሪ የትኛው ሰዓት ውድ እንደሆነ ለራስሽ መወሰን ግድ ይሆንብሻል። እኔ የምፈልገው ያንን ውሳኔ ነው።

ሻንጣው። 9ኙን ገጽ ወደ አንድ አውርጂው። እንዲያውም ወደ ሁለት ፍሬም፦ በመጀመሪያው ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ አጎቷ በሩ ላይ ቆሞ፤ በሁለተኛው ሚኒባሱ ውስጥ፣ ቦርሳው ጭኗ ላይ። መካከሉን አንባቢው ይሞላዋል። ስኮት ማክላውድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው፣ ስለ ኮሚክ በራሱ በኮሚክ በተጻፈ መጽሐፉ፣ ብዙ ገጽ የሰጠው በሁለት ፍሬሞች መካከል ላለችው ነጭ ክፍተት ነው። በአንዱ ፍሬም መጥረቢያ ተነሥቷል፤ በሚቀጥለው የሌሊት ከተማና አንድ ጩኸት ብቻ ይታያል። ሰዓሊው የገደለው ሰው የለም፤ የገደለው አንባቢው ነው። አንቺ ያሳየሽው እያንዳንዱ ካልሲና እያንዳንዱ ቲሸርት አንባቢሽን ሥራ አስፈትቶታል። ሥራ የፈታ አንባቢ ደግሞ ባቱ ሲደርስ አያለቅስልሽም።

ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ የሚያሳዩትን የሸራ ሥዕሎች ታውቂያቸዋለሽ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለገበያ መሳል ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፣ በላቸው ይመርን የመሰሉ ቀደምት ሠዓሊዎች ያስለመዱት ሥራ ነው። ብዙዎቹ 44 ሥዕል አላቸው፦ አራት ረድፍ፣ በየረድፉ 11፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ጽሑፍ የሚነበቡ፣ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ አጭር የአማርኛ መስመር ያለባቸው። እኛ ኮሚክ ከሚለው ቃል ጋር ሳንተዋወቅ ኮሚክ ነበረን። አሁን እንደ ሠዓሊ ሆነሽ እያቸው። ከዘንዶው ዘመን ተነሥቶ ጽላቱ አገራችን እስኪገባ ድረስ ያለው ታሪክ በ44 ሥዕል ሲያልቅ፣ ሠዓሊው ጊዜውን እኩል አላከፋፈለም። እስከ ኢየሩሳሌም ያለው የስንት ወር ጉዞ በጥቂት ሥዕል ያልፋል። ምኒልክ ተወልዶ፣ ጥቂት ሥዕል ሳይቆይ ጎልማሳ ሆኖ አባቱን ፍለጋ ይነሣል፤ ከሃያ ዓመት በላይ በክፍተት ውስጥ ሰጠመ፣ ማንም «የት ሄደ?» አይልም። በሰሎሞን ቤት ያለፈችው አንዲት ሌሊት ግን ትዘረዘራለች፦ ቅመምና ጨው የበዛበት ግብሩ፣ ጥሙ፣ ውኃው፣ መሐላው መፍረሱ። የታሪኩ ዕጣ የተወሰነው በዚያች ሌሊት ስለሆነ፣ ሠዓሊው ሥዕሎቹን ከጉዞው ላይ ቆጥቦ ለሌሊቱ ሰጠ። እኔ ቁጠባ የምለው ይህን ነው።

መናኸሪያውን ስለምወደው እሱን መቁረጥ ከበደኝ። ረዳቱ «ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ!» ሲል፣ ጋሪው በባጃጆቹ መሃል ሲሽሎከለክ፣ ሎሚ የምታዞረው ልጅ፤ ሁሉም አዳማ ነው፣ ሁሉም ሕይወት አለው። ግን 6 ገጽ አይገባውም። አንድ ሙሉ ገጽ ስጪው፤ አንድ ሰፊ ሥዕል፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ። የአንባቢው ዓይን ራሱ እየዞረ ይቆይበታል፣ አንቺ ሳትጎትቺው። ልጅቷን መሃል ላይ አታድርጊያት፤ ጥግ ላይ ትንሽ ሆና ትታይ፣ አጎቷ ጀርባውን ሰጥቷት በስልክ ሲያወራ። የሚያውቅ ሰው ጀርባ ከፊቱ ይልቅ ይናገራል።

መንገዱ ላይ የክፍያውን መንገድ ትተሽ አሮጌውን መምረጥሽ ልክ ነው። በክፍያው መንገድ ከተሞቹ ከሩቅ ያልፉሻል፤ በአሮጌው ግን ቆቃ ላይ ዓሣ የሚጠበስበት ጭስ አለ፣ ዓለም ጤና አለ፣ መቂ ላይ የሽንኩርትና የቲማቲም ሣጥን የጫነው አይሱዙ አለ። እዚህ ጋ ምት እንድትይዥ እፈልጋለሁ። በእያንዳንዱ ገጽ 6 እኩል ፍሬም፣ ሁለት በሦስት፣ ሳታዛንፊ፣ ከአዳማ እስከ ባቱ። ዴቭ ጊቦንስ የሣለው «ዎችመን» እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 በ12 ክፍል ሲወጣ አብዛኛው ገጹ በ9 እኩል ፍሬሞች የተሠራ ነበር። አንባቢው ቀስ በቀስ ፍርግርጉን ማየቱን ይተዋል፤ ልክ እንደ ልብ ትርታ ይሆንለታል። የመጨረሻው ክፍል ሲከፈት ግን በአንድ ትልቅ ጥፋት ላይ ተከታታይ ሙሉ ገጾች ይጠብቁታል። ያ ድንጋጤ የተገዛው ቀደም ባሉት 11 ክፍሎች ትዕግሥት ነው። አንቺም ምቱን ጠብቂ፤ የምትሰብሪው አንዴ ነውና።

አሁን ዝቋላ። ከሞጆ ወደ ቆቃ ሲወርዱ ተራራው በመስኮት መታየቱ እውነት ነው፤ በ3 ገጽ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ታሪክ በአጎቷ አፍ ማስተረክሽ ግን መኪናውን አቁሞታል። አባቶቻችን ለዚህ መልስ ነበራቸው። 60 አንበሳና 60 ነብር ያጀቡትን፣ ሰውነቱን ፀጉር ያለበሰውን ጻድቅ ሲሥሉ ዓይኑ ላይ አንድ ወፍ ያሳርፋሉ። ወፉ ጠምቶታል፤ ውኃ የለም፤ ከጻድቁ እንባ ይጠጣል። የአንድ ሰው ርኅራኄ ከዚህ ባነሰ መስመር ተሥሎ አላየሁም። ሾፌሮች ይህን ሥዕል ከመስታወታቸው በላይ ሲለጥፉት አይተሻል። ስለዚህ አጎቷ አይተርክ። ከስድስቱ ፍሬም በአንዱ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ራስ በላይ፣ ትንሿ ሥዕል ትታይ፤ በሚቀጥለው ፍሬም የአጎቷ ዓይን፤ በሦስተኛው መስኮቱና ተራራው። ቃል የለም። ታሪኩን የሚያውቅ አንባቢ እንባው የማን እንደሆነ ይገባዋል፤ የማያውቀውም ወፍ አይቶ ያልፋል፣ ምንም አልጎደለበትም።

የበላኤ ሰብእንም ሥዕል አስታውሺ፤ እማዬ ስለ 78ቱ ነፍስና ስለ አንዲት ጥርኝ ውኃ ስትነግረን ሁለታችንም እንፈራ ነበር። በተአምረ ማርያም መጻሕፍት ውስጥ ሠዓሊው ያን ሁሉ ግድያ በሙሉ ሊያሳይ ይችል ነበር። አንባቢው የሚሸከመው ሥዕል ግን 78ቱ ነፍስና ጥርኙ ውኃ የሚመዘኑበት ሚዛን ነው። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ ታሪክ አንድ ሥዕል ብቻ ቢፈቀድለት የቱ ይሆን ነበር? ያንን ሥዕል ካወቅሽ ሌሎቹ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ያንቺ ሥዕል ድንኳኑ ነው።

እንዲህ ያለ ቅጽበት እንዴት እንደሚዘረጋ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1955 በርናርድ ክሪግስታይን የሚባል ሠዓሊ አል ፌልድስታይን የጻፈውን አንድ አጭር ታሪክ እንዲሥል በኒው ዮርክ ተሰጠው። የተፈቀደለት 6 ገጽ ነበር። ታሪኩ የአንድ የናዚ እስር ካምፕ አዛዥ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ገብቶ ተሸሽጎ ሲኖር በምድር ውስጥ ባቡር አንድ የሚያውቀውን ፊት ያያል። ክሪግስታይን 6 ገጹ አይበቃኝም ብሎ ተሟገተ፤ 8 አገኘ። ፍሬሞቹን እየቆራረጠ፣ እያቀጠነ፣ ሰውየው ሲሮጥ፣ ሲንሸራተት፣ ከባቡሩ ፊት ሲወድቅ ያለውን የጥቂት ሰከንድ ጊዜ በቀጫጭን ክፍልፋዮች ዘረጋው። ብዙ ፍሬም ሁልጊዜ ያፈጥናል ብለሽ እንዳታስቢ። በእያንዳንዱ ፍሬም ሌላ ነገር ከሆነ ይፈጥናል፤ ያው አንድ ነገር ከተቆራረጠ ግን ጊዜው ይቆማል። ይህን ለይቶ የያዘ ሠዓሊ ጊዜን በእጁ ይዟል።

ስለዚህ ገጽ 39ን እንዲህ አድርጊው። ስድስት ፍሬም፣ እንደተለመደው፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ሚኒባሱ ቆመ። እግሯ መሬት ነካ። አጎቷ ቦርሳዋን ተቀበላት፤ ከዚህ በፊት አንድም ቀን ቦርሳ ተቀብሏት አያውቅም። አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከበሩ ውጭ የተደረደረ ብዙ ጫማ። ልጅቷ ቀና አለች። እዚህ ላይ ገጹ ያልቃል፤ አንባቢው በገዛ እጁ መግለጥ አለበት። በእኛ መጽሐፍ ተጋማሽ ቁጥር ያለው ገጽ በግራ በኩል ነው፤ ስለዚህ 40ኛው ገጽ ከመገለጡ በፊት አይታይም። ይህን ቁጥር አትልቀቂው፤ በአንድ ገጽ ከተንሸራተተ ድንኳኑ ከጫማዎቹ ትይዩ ይታይና ሁሉም ከንቱ ይሆናል። ፊልም በራሱ ጊዜ ይሮጣል፤ ኮሚክ ላይ ግን ጊዜውን የያዘው አንባቢው ነው። ገጹን ሲገልጥ መርዶውን እሱ ራሱ ይነግራታል።

ገጽ 40 እና 41 አንድ ሥዕል ይሁኑ። ድንኳኑ፣ ሐይቁ ከኋላ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ አጠገብ ቆመው ፍርፋሪ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች፤ እነሱ የሰው ሞት አይገዳቸውም፣ ጠዋታቸው እንደ ወትሮው ነው። ረቂቅሽ ላይ «አካኮ ሞተ!» የሚለውን ጩኸት በትልቅ ፊደል ጽፈሽዋል። አጥፊው። ማንም አይናገር። ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች ፍርግርጉ ይሰበር፤ ቀጫጭን ይሁኑ፦ አፏ፣ እጇ፣ ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ሲይዟት፣ የወደቀው ስልክ። ለዚህ 5 ገጽ አለሽ። ከሻንጣው፣ ከመናኸሪያውና ከዝቋላው ያተረፍሽው ነው።

ስለ ጽሑፉ አንድ ነገር ብቻ። ዝናብ በሣልሽበት ፍሬም ላይ «እየዘነበ ነው» ብለሽ ጽፈሻል፤ ልጅቷ ስትስቅ «ሳቀች» ብለሻል። ሥዕልሽን አላመንሽውም ማለት ነው፤ እኔ ግን አምነዋለሁ። ሥዕሉና ቃሉ ያንኑ ነገር ሲናገሩ አንዱ ይሂድ፤ በአብዛኛው የሚሄደው ቃሉ ነው። ቃል የሚያስፈልግሽ ሥዕሉ ከሚለው ጋር ሲጋጭ ነው። አጎቷ መቂ ላይ ሐብሐብ ገዝቶ «ለአካኮ እንውሰድለት» ሲል ልቤን የበላኝ ለዚህ ነው፤ እጁ ሐብሐቡን ሲቀበል እየተንቀጠቀጠ ሥለሽዋል። ያንን ፍሬም እንዳትነኪው።

ሚጡዬ፣ በስራት ደበበ የጀግና ኮሚኩን «ጀምበር»ን ሲያወጣ ደውለሽልኝ «የእኛም ሰው በኮሚክ ይበራል!» ያልሽኝ ትዝ ይለኛል። በአማርኛም መታተሙ ለስንቱ ልጅ በር ከፍቷል። የጀግና ታሪክ ግን የራሱ ፍጥነት አለው፤ ይዘላል፣ ይመታል፣ በየገጹ አዲስ ነገር ይፈልጋል። ረቂቅሽ ውስጥ መቂ አካባቢ ድንገት የመጣው የመኪና እሽቅድምድም ከዚያ የተዋስሽው መሰለኝ። ያንቺ ታሪክ ግን አንድ ሰው ሌላውን ሰው ስለሚወድ ለ100 ኪሎ ሜትር ያህል ፊቱን ሲቆጣጠር ነው። ከዚህ የበለጠ ሩጫ አያስፈልገውም። እሽቅድምድሙን አውጪው፤ በምትኩ ማንም የማያወራበት አንድ ገጽ ስጪኝ፣ ስድስቱም ፍሬም ያው መስኮት፣ ውጭው ብቻ የሚለዋወጥ።

መጀመሪያ በቁጥር ብቻ ሥሪው። 48 ትናንሽ ሣጥን በአንድ ወረቀት ላይ አስምሪ፤ 40 እና 41ን ሙዪና ወደ ኋላ ተመለሺ። ሌላውን ሁሉ በእርሳስ፣ በሰው ቅርጽ ብቻ፣ ሳታሳምሪ። ያንን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ቁርጥራጩን አብረን እናየዋለን። የተቆረጡትን ገጾች እንዳትጥያቸው፤ መናኸሪያው ብቻውን ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ለእማዬ የጉልበት መድኃኒቱን ቅዳሜ በሚመጣው ሰው እልክላታለሁ፤ ሳትቀቢያት እንዳትተኛ።

የምትወድሽ እህትሽ
አዲስ አበባ